በቆረጣ ልምምድ የተጫረ ጎራዴ፦ ምን ይጠረጋል፣ ምን ይወለወላል፣ ምን ይተዋል

ስለት ባለው የጃፓን ጎራዴ ውሃ የጠጣ ምንጣፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆረጠ ሰው፣ ልምምዱን ጨርሶ ብረቱን ወደ መብራት ሲያዘነብል ልቡ ይደነግጣል። ጠዋት እንደ መስታወት ያበራ በነበረው ገጽ ላይ፣ ከስለቱ ተነሥተው ወደ ደንደሱ በሰያፍ የሚሮጡ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነጫጭ መስመሮች ተዘርግተው ያገኛል። በዚያች ሰዓት አብዛኛው ሰው የሚያስበው ብርጭቆ ወረቀት የት እንደሚገኝ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያ እጅ ወረቀቱን ከማንሣቱ በፊት ጥቂት ቆም እንዲል ብዬ ነው። ጭረትን ማጥፋት ማለት ጭረቱን መሙላት አይደለም፤ በዙሪያው ያለውን ብረት ሁሉ እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ዝቅ ማድረግ ነው። ከጎራዴ ላይ የተነሣ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምገልጸው ሥራ በሙሉ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፦ ይህን ጭረት ለማጥፋት የሚወጣው ብረት ይገባዋልን?

ጭረቱ ከየት ይመጣል

ጃፓኖች ታሜሺጊሪ የሚሉት የቆረጣ ልምምድ፣ ተለማማጁ በአየር ላይ ሲሠራው የቆየውን ስልት በቁስ ላይ የሚፈትንበት ነው። የተጠቀለለ ምንጣፍ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከቆየ በኋላ በእንጨት ችካል ላይ ይቆምና በሰያፍ ይቆረጣል። ምንጣፉ በጃፓን ቤቶች ወለል ላይ የሚነጠፈው የታታሚ የላይኛው ሽፋን ሲሆን፣ የሚሠራውም ኢጉሳ ከሚባል፣ በመልኩ የእኛን ቄጠማ ከሚያስታውስና በውሃማ ማሳ ላይ ከሚበቅል ተክል ነው። በጃፓን ከሚመረተው ኢጉሳ አብዛኛው የሚገኘው በደቡብ ካለችው ከኩማሞቶ አውራጃ ነው። ገበሬዎቹ ተክሉን አጭደው ከማድረቃቸው በፊት በሸክላ አፈር በተበጠበጠ ውሃ ይነክሩታል፤ ይህም ቀለሙንና መዓዛውን ይጠብቅለታል። ለቤት ወለል መልካም የሆነው ይህ ሥርዓት ለጎራዴ ግን ፈተና ነው፤ ማንም ሰው ያልረገጠው አዲስ ምንጣፍ እንኳ በተክሉ ክሮች መካከል ደቃቅ የአፈር ብናኝ ይዞ ይመጣልና። ያገለገለ ምንጣፍ ከሆነ ደግሞ ለዓመታት ከእግር ሥር የገባ አሸዋ ይጨመርበታል። ቀደም ባለው ልማድ ይቆረጥ የነበረው የሩዝ ገለባ ነዶም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም። የሩዝ አገዳ በተፈጥሮው ብዙ ሲሊካ፣ ማለትም በአሸዋ ውስጥ ያለው ጠንካራ ማዕድን፣ ስላለበት፣ ንጹሕ ሆኖም ብረት ይፍቃል።

አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ይቆማል፤ የጎራዴው ጎን ከዚህ በብዙ ያንሳል። ይህን ለመረዳት አንጥረኛው የሚሠራውን ማወቅ ይረዳል። አንጥረኛው ብረቱን አግሎ ውሃ ውስጥ ከማጥለቁ በፊት ጀርባውንና ጎኑን በወፍራም ሸክላ፣ ስለቱን ግን በስሱ ይቀባዋል። ስስ የተቀባው ስለት ቶሎ ቀዝቅዞ እጅግ ይጠነክራል፤ ወፍራም ሸክላ የለበሰው ክፍል ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ለስላሳና ታጋሽ ሆኖ ይቀራል። በሁለቱ ድንበር ላይ የሚታየው ነጭ ደመና የመሰለ መስመር ሃሞን የሚባለው ነው። ምንጣፉ ውስጥ ያለችው የአሸዋ ቅንጣት ጠንካራውን ስለት አልፋ ለስላሳው ጎን ላይ ስትደርስ ነው ጠለቅ ያለ አሻራ የምትተወው። በቆረጣ ጊዜ የሚመጣው ጭረት ከስለቱ ይልቅ ከሃሞኑ በላይ ባለው ጎን ላይ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

የቆራጩ እጅም ድርሻ አለው። ስለቱ የሚያይበት አቅጣጫና ምቱ የሚሄድበት አቅጣጫ አንድ ሲሆኑ፣ ብረቱ በተቆረጠው ምንጣፍ መካከል ሳይተሻሽ ያልፋል። ስለቱ በጥቂቱ እንኳ ከተጣመመ ግን አንደኛው ጎን ምንጣፉን እየገፋ ስለሚያልፍ፣ በዚያ ጎን ያለው ጭረት የበዛና የሰፋ ይሆናል። እኔ በበኩሌ ከልምምድ በኋላ ሁለቱን ጎኖች ማነጻጸርን እንደ አንድ ትምህርት እቆጥረዋለሁ። የግራው ጎን ተደጋግሞ ከቀኙ የበለጠ ከተጫረ፣ መታረም ያለበት ከብረቱ በፊት የእጅ አንጓ ነው።

ከመጨረሻው ምት በኋላ ያሉት ደቂቃዎች

ከምንጣፉ የሚወጣው አረንጓዴ ቡናማ ፈሳሽ በካርቦን ብረት ላይ ቢደርቅ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጥላ ይጥላል፤ እርጥበቱ ወደ አፎቱ ከገባ ደግሞ እንጨቱ ውሃውን አቅፎ ስለሚይዘው ዝገት ይጀምራል። ስለዚህ ቆረጣው እንዳለቀ ጎራዴው መጠረግ አለበት። ይሁን እንጂ ከምንጣፉ ይልቅ ብዙ ጭረት የሚፈጥረው የዚህ መጥረጊያ አያያዝ ነው። ብረቱ ላይ የቀሩትን ቅንጣቶች በደረቅ ጨርቅ ጫን ብሎ የሚጠርግ ሰው፣ ከአንገት እስከ ጫፍ በእጁ አሸዋ እየጎተተ ነው።

አስተማሪዬ ይህን ሲያደርጉ በቅርብ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። እጀታውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ስለቱን ወደ ውጭ አዙረው፣ ደንደሱን ወደ ራሳቸው አደረጉ። አልኮል በደንብ የጠጣ ሶፍት በአራት አጥፈው ከደንደሱ በኩል ልክ እንደ ኮርቻ አስቀመጡት፤ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው በሁለቱ ጎኖች ላይ ቢያርፉም ወደ ስለቱ አልወረዱም። ከዚያም ምንም ሳይጫኑ ከእጅ መከታው ወደ ጫፉ አንድ ጊዜ ብቻ ጎተቱትና ወደ ኋላ ሳይመልሱ አነሡት። ሶፍቱን ገልብጠው ሲያሳዩኝ፣ መሐሉ ላይ አረንጓዴ ቡናማ መስመር፣ በመስመሩ ውስጥ ደግሞ በመብራቱ ብልጭ የሚሉ ሦስት አራት ቅንጣቶች ነበሩ። «ደርቆ ቢሆን ኖሮ እነዚህን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር እጎትታቸው ነበር» አሉኝና ሶፍቱን ጥለው ሌላ አነሡ። አምስተኛው ሶፍት ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ እንዲሁ ቀጠሉ።

ሥርዓቱ ይኸው ነው፦ ብዙ እርጥበት፣ ጥቂት ጫና፣ አንድ አቅጣጫ፣ ሁልጊዜ አዲስ ሶፍት። ለዚህ የሚሆነው ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው፣ ውሃ ያልበዛበት አልኮል ነው፤ ሽቶና ቅባት ያለበት ሶፍት አይሆንም። አልኮሉ እንደሚቀጣጠል ማስታወስና መስኮት መክፈት ተገቢ ነው። ቅንጣቱ ሁሉ መነሣቱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ይደረቃል፤ ከዚያም እጅግ ስስ የሆነ ዘይት ይቀባል። ጃፓኖች ለዚህ የሚጠቀሙበት ቾጂ የሚባለው ዘይት በስሙ የቅርንፉድ ዘይት ቢሆንም፣ ዛሬ በገበያ ያለው ባብዛኛው ጥቂት ቅርንፉድ የተጨመረበት የማዕድን ዘይት ነው። ካልተገኘ ጥሩ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በቂ ነው። የምግብ ዘይት ግን ቆይቶ እንደ ሙጫ ስለሚሆንና አቧራ ስለሚይዝ ፈጽሞ መቀባት የለበትም።

በእንክብካቤ ዕቃዎች ሳጥን ውስጥ በትንሽ ዱላ ጫፍ ላይ የታሰረ፣ ዱቄት የሚያራግፍ ነጭ ኳስ ይገኛል። ዱቄቱ ኡቺኮ ይባላል፤ ከመወልወያ ድንጋይ የተፈጨ ስለሆነም በባሕርዩ ፋቂ ነው። አሮጌ ዘይት ለማንሣት የተበጀ ነው እንጂ ጭረት ለማጥፋት አይደለም፤ በየሳምንቱ የሚመታበት ብረት ቀስ በቀስ ራሱ ኡቺኮው በሚተወው ደቃቅ ጭረት ይሸፈናል። አልኮል ባለበት ዘመን ለልምምድ ጎራዴ ኡቺኮ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም።

ጭረቱን ማንበብ

ብረቱ ከጸዳ በኋላ ነው እውነተኛው ምርመራ የሚጀመረው፤ ምክንያቱም ጭረት መስሎ ከታየው ውስጥ ጥቂት የማይባለው የደረቀ የምንጣፍ ጭማቂ ሆኖ ይገኝና በአልኮሉ ተጠርጎ ይሄዳል። ክፍሉን ያጨልሙና አንድ ሽፋን የሌለው አምፖል ብቻ ይተዉ። ጎራዴውን ከዓይንዎ በታች ወደ አምፖሉ ዘርግተው ቀስ ብለው ሲያዘነብሉት፣ በቀን ብርሃን የማይታይ ጭረት ሁሉ ይበራል። ደንግጠው ወዲያው ሥራ አይጀምሩ፤ በዚህ ዓይነት ብርሃን ሥር ንጹሕ የሚመስል የልምምድ ጎራዴ የለም።

መጀመሪያ የሚታየው አቅጣጫው ነው። ከስለቱ ወደ ደንደሱ በሰያፍ የሚሄድ ጭረት የቆረጣ ጭረት ነው። ከአንገት ወደ ጫፍ፣ ከብረቱ ርዝመት ጋር ትይዩ ሆኖ የሚሮጥ ጭረት ግን ከምንጣፉ የመጣ አይደለም፤ ወይ የአፎቱ ነው፣ ወይ የመጥረጊያው። ይህን ሳይለዩ መወልወል ውሃ የሚያፈሰውን ጣሪያ ትቶ ወለሉን እንደ መጥረግ ነው፤ አፎቱ ውስጥ ያለው አሸዋ በማግስቱ ያንኑ መስመር ደግሞ ይስለዋል። ከሁለቱም የተለየ፣ አጭር፣ ጥልቅና ዳሩ ሻካራ የሆነ ጭረት ካለ፣ ብረቱ ችካሉን ወይም ምንጣፉ ውስጥ የቀረ የሽቦ ስፌት ነክቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ጊዜ ስለቱም ተሸርፎ እንደሆነ በጥንቃቄ መመርመር ይገባል።

ቀጥሎ ጥልቀቱ ይፈተናል። የጣት ጥፍርዎን ከደንደሱ በኩል ጀምረው በጭረቱ ላይ አግድም በቀስታ ያሳልፉ፤ ሁልጊዜ ከስለቱ ርቀው፣ ወደ ስለቱም ሳይወርዱ። ጥፍሩ ምንም ሳይሰማው ካለፈ፣ ጭረቱ በብርሃን ብቻ የሚኖር ነው። ጥፍሩ ከተያዘ ግን ጭረቱ እውነተኛ ጥልቀት አለውና፣ ለማጥፋት የሚወጣው ብረት ብዙ ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው ጥልቁን ማጥፋትና ቀላሉን መተው ነው። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፦ ቀላሉን ከፈለጉ ያደብዝዙት፣ ጥልቁን ይተዉት። ጥፍር የሚይዝ አንድ ጭረት የጎራዴውን ጥንካሬ አይቀንስም፤ እርሱን ለማጥፋት የሚሰረጎደው ጎን ግን የጎራዴውን ቅርጽ ለዘለዓለም ይለውጣል።

እጅ የማይነካቸው ብረቶች

በጃፓን አንጥረኛ በባህላዊ መንገድ ተሠርቶ በባለሙያ በድንጋይ የተወለወለ ጎራዴ በእጅዎ ካለ፣ ከአልኮልና ከዘይት ያለፈ ነገር አያስነኩት። የእንዲህ ያለ ብረት ገጽ በአንድ ቀን የተወለወለ አይደለም። ቶጊሺ የሚባለው የመወልወል ባለሙያ ከሻካራው ድንጋይ ጀምሮ፣ ቢንሱይ፣ ካይሴ፣ ናጉራ እያለ፣ በየደረጃው የእጁን አቅጣጫ እየለወጠ ይወርዳል፤ አቅጣጫውን የሚለውጠው አዲሱ ድንጋይ የቀድሞውን ጭረት ሙሉ በሙሉ ማጥፋቱን በዓይኑ ለማረጋገጥ ነው። መጨረሻ ላይ ከኪዮቶ አካባቢ የሚወጣው ኡቺጉሞሪ የተባለው ለስላሳ ድንጋይ ይመጣል፤ ከእርሱም እንደ ወረቀት ስስ ሆነው በተቆረጡ ቁርጥራጮች በአውራ ጣት ሥር ገጹ ይታሻል። የሆንአሚ ቤተሰብ ለዘመናት በዚህ ሙያ የታወቀ ነው፤ በካሊግራፊና በሸክላ ሥራ ስሙ የሚጠራው ሆንአሚ ኮኤትሱም፣ ከ1558 እስከ 1637 የኖረው፣ የተወለደው ከዚሁ ቤት ነው። ይህን ሁሉ ደረጃ አልፎ የመጣ ገጽ ላይ አንድ ጊዜ የሚያልፍ የብረት መወልወያ ቅባት፣ በብረቱ ላይ እንደ እንጨት ጅማት የሚታየውን ንድፍና የሃሞኑን ዝርዝር ይሸፍነዋል። የደረሰበትም ጭረት ቢሆን ለቶጊሺ የሚታይ ነው እንጂ በቤት የሚታከም አይደለም።

በሌላ በኩል፣ ለባዶ ልምምድ ብቻ ከዚንክና ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠርቶ በክሮም የተለበጠ ጎራዴ አለ፤ ኢያይቶ ይባላል። እርሱ ከመጀመሪያውም ምንም ነገር ሊቆርጥ አይገባም። ብርጭቆ ወረቀት ደግሞ ልባጡን ስለሚገፍፈው፣ ጭረቱ ቢያሳዝንም መታገሥ ነው።

ከመንገዴ ጥቂት ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛም ቤት ከአያት ከቅድመ አያት የተረፈ ጎራዴ በግድግዳ ላይ የሰቀለ ብዙ ሰው አለ። ከእነዚህ ውስጥ ብረታቸው በጀርመን አገር ዞሊንገን ተሠርቶ የመጣ፣ ጎናቸው ላይም የይሁዳ አንበሳና የግዕዝ ፊደል የተቀረጸባቸው ይገኛሉ። ያ ጽሑፍ በብረቱ ገጽ ላይ ብቻ ያለ ስስ ቅርጽ ነው። በበዓል ዋዜማ ቤት ሲጸዳ «ይወልወል» ተብሎ በብርጭቆ ወረቀት የታሸ ጎራዴ የመጀመሪያ ባለቤቱን ታሪክ ያጣል። ለእነርሱም የሚገባቸው አልኮል፣ ለስላሳ ጨርቅና ስስ ዘይት ብቻ ነው።

ሥራው

የሚቀረው በፋብሪካ ደረጃ ከካርቦን ብረት የተሠራ፣ ለቆረጣ ተብሎ የተገዛና በወረቀት ወይም በማሽን የተወለወለ ጎራዴ ነው፤ አብዛኞቻችን የምንለማመድበትም ይኸው ነው። በዚህ ላይ መሥራት ይቻላል፤ ግን ግቡ በትክክል መቀመጥ አለበት። ግቡ ጭረቱን ከሥሩ መንቀል ሳይሆን ዳሩን አለስልሶ ከአካባቢው ገጽ ጋር ማመሳሰል ነው። ዓይን ጭረትን የሚያየው ዳሩ ብርሃንን በሌላ አቅጣጫ ስለሚመልስ ነው፤ ዳሩ ሲለሰልስና በዙሪያው ያለው መስመር ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ፣ ወለሉ ቢቀር እንኳ ከእይታ ይጠፋል።

በመጀመሪያ እጀታው ይፈተሽ። እጀታውን ከብረቱ ጋር የሚይዘው የቀርከሃ ችንካር ከላላ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ጭረቱን ትተው እርሱን ይለውጡ። እጀታውን ካወለቁ ደግሞ ውስጥ ያለውን የብረቱን ጭራ ዝገት አይንኩት፤ በቆየ ጎራዴ ላይ ዕድሜው የሚነበበው ከዚያ ጥቁር ዝገት ነው። ከዚያም ወፍራም ፎጣ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አንጥፈው ብረቱን በጎኑ ያስተኙት፤ ስለቱ ከእርስዎ ተቃራኒ፣ ደንደሱ ወደ እርስዎ ይሁን፤ ብረቱም በርዝመቱ ሁሉ ይደገፍ። በአየር ላይ በተያዘ ጎራዴ ላይ ወረቀት ማሸት የእጅ ጅማት የሚያስቆርጥ ነገር ነው። ሕፃናት ባሉበት ክፍል፣ ወይም ደክሞዎት ከሆነ፣ ይህን ሥራ አይጀምሩ።

በጎራዴው ጎን ላይ ከአንገት እስከ ጫፍ የሚሮጥ ሸንተረር አለ፤ ከእርሱ በታች ወደ ስለቱ የሚወርደው ገጽ አንድ፣ ከእርሱ በላይ ወደ ደንደሱ ያለው ጠባብ ገጽ ሌላ ነው። የዚህ ሸንተረር ጥራት የጎራዴው ክብር ነው፤ አንዴ ከተድበለበለ በቤት ውስጥ መመለሻ የለውም። ስለዚህ የሚሠሩበትን ገጽ ብቻ ክፍት ትተው፣ ከሸንተረሩ ማዶ ያለውን በቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑት። ጫፉን፣ ማለትም ከትንሿ አግድም መስመር በኋላ ያለውን የመጨረሻ ክፍል፣ ፈጽሞ አይንኩት፤ የራሱ የሆነ ጥምዝ ስላለው በጠፍጣፋ ነገር ሊታሽ አይችልም። እንዲሁም በስለቱ ዳር ያለችውን የመጨረሻዋን ሁለት ሚሊ ሜትር ይተዉ፤ እዚያ የሚታሸው ወረቀት ጭረት ሳይሆን ስለት ነው የሚያነሣው።

ወረቀቱ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ይሁን። ብዙዎች «ከሻካራው ጀምሮ ወደ ለስላሳው» የሚለውን የአናጺ ሕግ ይዘው ይመጣሉ፤ እዚህ ግን ሕጉ ይገለበጣል። በጣም ለስላሳ ከሆነው፣ ከቁጥር 2000 ይጀምሩ። ጣት የሚያህል የቡሽ ወይም የጠንካራ ላስቲክ ቁራጭ በወረቀቱ ጠቅልለው፣ አንድ ጠብታ ሳሙና ባለበት ውሃ አርሰው፣ ከአንገት ወደ ጫፍ በብረቱ ርዝመት፣ ጭረቱን አልፈው ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ስንዝር እየጨመሩ በረጅሙ ያሹ። ጭረቱ ባለበት ቦታ ላይ ብቻ መመላለስ ትልቁ ስሕተት ነው። ሃያ ጊዜ ካሳለፉ በኋላ ይጥረጉትና በአምፖሉ ሥር ይዩት። ጭረቱ ከደበዘዘ ቀጥሉበት ማለት ነው። ምንም ካልተለወጠ ወደ 1500 ይውረዱና ሌላ ሃያ ይሞክሩ። በዚያም እምቢ ካለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እስከ 1000 መውረድ ይቻላል፤ ከ1000 በታች ያለ ወረቀት ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም። ከወረዱ በኋላ ሲመለሱ በ1000 የተሠራውን በ1500፣ በ1500 የተሠራውን በ2000 መሸፈን ግድ ነው፤ በየደረጃውም እጅዎን በጥቂቱ ሰያፍ ቢያደርጉት፣ የቀድሞው ወረቀት መስመር ቀርቶ እንደሆነ በግልጽ ይታያል። የመጨረሻው ወረቀት ግን ሁልጊዜ በቀጥታ በርዝመቱ ይሂድ። ውሃው ሲጠቁር ወረቀቱን ያጥቡት፤ ከብረቱ የወጣው ትቢያ ራሱ ይጭራልና።

ቡሹን «በጣቴ እተካዋለሁ» ብሎ መተው ምን እንደሚያስከትል እኔ አውቀዋለሁ። በመጀመሪያው ጎራዴዬ ላይ፣ ከእጅ መከታው ሁለት ስንዝር ርቆ፣ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ነበረ። ትዕግሥት አጥቼ ቁጥር 400 ወረቀት በሌባ ጣቴ ሥር አድርጌ እዚያው ቦታ ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተመላለስኩ። ጭረቱ ጠፋ። በማግስቱ ግን ብረቱን በረጅም የፍሎረሰንት መብራት ሥር ሳየው፣ ከአንገቱ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ የሚመጣው የመብራቱ ነጸብራቅ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ እንደ ውሃ ተጠማዘዘ። የጣቴ ሥጋ ወረቀቱን ወደ ታች ጭኖት ገጹን አሰርጉዶት ነበር፤ ሸንተረሩም በዚያ ርዝመት ተድበልብሏል። ጎራዴው ዛሬም ይቆርጣል። ያ የተጠማዘዘ ነጸብራቅ ግን አሁንም እዚያው አለ፤ ጭረቱ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ትዝ እንኳ አይለኝም ነበር።

ከወረቀቱ በኋላ ገጹ ከቀሪው ብረት ይልቅ የደበዘዘ ወይም የበራ ሊሆን ይችላል። የጎራዴው ቀሪ ክፍል የሚያበራ ከሆነ፣ ጥቂት የብረት መወልወያ ቅባት በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ላይ አድርገው በርዝመቱ ያሹት። ቅባቱን መጀመሪያ በአንገቱ አጠገብ ባለች ትንሽ ቦታ ላይ ይሞክሩት፤ አንዳንዱ ከሚገባው በላይ ስለሚያበራ መሐል ላይ የመስታወት ቁራጭ የተለጠፈ ያስመስላል። በወረቀቱ ምክንያት ሃሞኑ ከደበዘዘ ደግሞ፣ ብረቱን በአልኮል ከቅባት ካጸዱ በኋላ፣ በትንሽ ውሃ የተበረዘ ሆምጣጤ በጥጥ እየነከሩ ለጥቂት ደቂቃ እኩል ያርሱት፤ ለስላሳው ብረት ሲጠቁር ጠንካራው ነጥቶ ይወጣል። ይህ የሚሠራው እውነተኛ ሃሞን ባለው ብረት ላይ ብቻ ነው፤ በፋብሪካ በአሲድ የተሣለ ሐሰተኛ መስመር ከሆነ በወረቀቱ ይጠፋል እንጂ በሆምጣጤ አይመለስም። ሆምጣጤው ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠ ውሃ መታጠብ፣ ብረቱም ወዲያው ደርቆ ዘይት መቀባት አለበት፤ አሲድ የቀረበት ብረት ሌሊቱን ይዝጋል።

አፎቱና ምንጣፉ

ጭረቱ ከብረቱ ርዝመት ጋር ትይዩ ከሆነ ሥራው ያለው በአፎቱ ውስጥ ነው። አፎቱን አፉን ወደ ታች ደፍተው በነጭ ወረቀት ላይ በእጅዎ መዳፍ መታ መታ ያድርጉት፤ የሚወርደውን ሲያዩ ጭረቱ ከየት እንደመጣ ይገባዎታል። ከዚያ ቀጭን እንጨት ላይ ደረቅ ጨርቅ በደንብ አስረው እስከ ሥሩ አስገብተው ያውጡት፣ ንጹሕ እስኪሆንም ይደጋግሙት። ጎራዴውን ሲያስገቡና ሲያወጡ ብረቱ በደንደሱ ላይ እየተንሸራተተ ይሂድ እንጂ ጎኑ እንጨቱን አይደገፍ። የሚቻል ከሆነ ለቆረጣ ቀን የተለየ አፎት መያዝ ጥሩ ነው።

ምንጣፉን በተመለከተ፣ ከመጠቅለሉ በፊት የሚጠፋ ሩብ ሰዓት ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው። ምንጣፉን ዘርግተው በብሩሽ ይጥረጉት፤ ዳሩ ላይ የተሰፋውን የጨርቅ ጠርዝ ይቁረጡለት፤ ያገለገለ ከሆነም የሽቦ ስፌት መኖሩን በማግኔት ይፈትሹ። ጠቅልለው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን በውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉትና ውሃው ሲደፈርስ ይለውጡት። ከበርሜሉ ሲያወጡት ከላይ ንጹሕ ውሃ አፍስሰውበት በንጹሕ ወለል ላይ ያቁሙት እንጂ በግቢ አፈር ላይ አያጋድሙት። ያን ሁሉ አጥቦ መጨረሻ ላይ አሸዋ ላይ ማስተኛት ሲደረግ አይቻለሁ፤ የዚያ ቀን ጭረቶች ከሌላው ቀን ይበዙ ነበር።

ብረቱን ዘይት ቀብተው ካስቀመጡ በኋላ በማግስቱ አንድ ጊዜ አውጥተው ይዩት፣ ከሳምንት በኋላም ይድገሙት። ሥራው ላይ ሳሉ ሳያውቁት ያረፈ ላብ ያለበት ጣት የጣት አሻራ ቅርጽ ያለው ቀላ ያለ ጥላ ሆኖ የሚወጣው በእነዚህ ቀናት ነው። ገና ቀላ ያለ ብቻ ከሆነ አልኮልና ዘይት የነካው ለስላሳ ጨርቅ ያነሣዋል፤ ወረቀት አያስፈልገውም።